የንጉሥ ሄንሪክ መንገድ የጠፋበት ዓመት

አባቴ አንድ መንገድ ሲያጠፋ የቀለሙን ጣሳ የያዝኩለት እኔ ነበርኩ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሚያዝያ ገብቷል፤ በሸንተረሩ ላይ ግን በረዶው ከጥዶቹ ጥላ ስር ገና አልለቀቀም፤ የጫማዬም ጫፍ ከጠዋት ጀምሮ ርሷል። አባቴ በአንድ ቡኸ ፊት ቆመ። ቡኸ ቅርፊቱ እንደታጠበ ድንጋይ ልሙጥና ግራጫ የሆነ ዛፍ ነው። ከራሱ በላይ፣ እጁ በሚደርስበት የተቀባችውን ቢጫ ወፍ ለጥቂት ጊዜ አያት። ከዚያም ብሩሹን ነከረና ከጭንቅላቷ ጀመረ።

«ጣሳውን ከፍ» አለኝ።

ከፍ አደረግሁ። ጭንቅላቷ ሄደ፤ ክንፏ ሄደ፤ ጅራቷ ሄደ። ሲጨርስ ዛፉ ዛፍ ብቻ ሆነ።

በሌሎች ዓመታት ሁለት ጣሳ ይዘን እንወጣ ነበር፤ ትልቁ ቢጫ፣ ትንሹ ግራጫ። ቢጫው የመንገዱ ምልክት የሆኑትን ወፎች ሲደበዝዙ ማደሻ ነው። ግራጫው ደግሞ ዛፍ ወድቆ ወይም ጎርፍ ቆርጦት መንገዱ ትንሽ ሲዛነፍ፣ ሰው የምታሳስተውን አንዷን ወፍ መሸፈኛ። በዚያ ዓመት ትልቁ ጣሳ ግራጫ ነበር፤ ቢጫውን ጨርሶ አላመጣነውም። ይህን ያደረሰብን መምህር ሃርቱንግ መሆኑን አውቅ ነበር። የማውቅ ይመስለኝ ነበር ማለት ይሻላል፤ ለሃምሳ ዓመት ያህልም እንደዚያው ሲመስለኝ ኖረ።

መንገዱ በሸንተረሩ ጀርባ ላይ የአምስት ሰዓት ጉዞ ነበር፤ ከከተማው ባቡር ጣቢያ ተነሥቶ እስከ ፈረሰው ጸሎት ቤት። ስሙ የንጉሥ ሄንሪክ መንገድ ነው። ንጉሡ ወፍ በማጥመድ ላይ ሳለ መልእክተኞች ዘውዱን ይዘውለት እንደመጡ ይነገራል፤ በየትኛው ጫካ እንደሆነ ግን ስምምነት የለም። ወጥመዱ የተዘረጋው በእኛ ደጅ ነው የሚሉ መንደሮች ብዙ ናቸው፤ የእኛዋ ሃይንሮደም አንዷ ናት። የእኛ መንደር ማስረጃ የእናቴ ቤት ነበር። ከመንደሩ በላይ፣ ከሸንተረሩ ትከሻ ላይ ብቻውን የቆመ የእንግዳ ማረፊያ ነው፤ ስሙም «ወፍ አጥማጁ» ይባላል። መንገዱ በዶሮዎቹ ቤትና በማድ ቤቱ በር መካከል ያልፍ ነበር። የእናቴ አያት ቤቱን እንዲያ የሰየመው ንጉሡን አስቦ ይሁን ራሱ ወፍ ማጥመድ ወድዶ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

በማድ ቤቱ በር ላይ ቢጫዋ ወፍ የተሳለችበት የብረት ሰሌዳ በአራት ብሎን ታስሮ ነበር። የተጓዦች ማኅበር ሰሌዳውን የሚሰጠው ቃል ለገባ ቤት ነው። ቃሉም፣ ከጠዋት ደወል እስከ ማታ ደወል ድረስ በእግሩ የመጣ ሰው ትኩስ ሾርባ ሳይቀምስ አይሸኝም የሚል ነው። እናቴ ገርሊንደ ይህን ቃል ከአባቷ ተረከበችው፤ አባቷም ከአባቱ። ሌሎች ቤቶች ሰኞ ይዘጋሉ፣ ሰው ሲታመም ይዘጋሉ። በእኛ ቤት፣ አያቴ በተቀበረበት ቀን እንኳ አሥራ አራት ሰው ሾርባ ጠጥቷል።

ልጅነቴ የረጠበ ሱፍ ይሸታል። ከምድጃው በላይ በተወጠረው ሽቦ ላይ የማላውቃቸው ሰዎች ካልሲ ተሰቅሎ ይጨሳል፤ ከበሩ ጥግ ምርኩዞቻቸው ተደግፈው ውኃ ያንጠባጥባሉ። የአተር ሾርባው ከማለዳ ጀምሮ ይንተከተካል፤ ቋሊማው የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። እናቴ ሰው ከመታየቱ በፊት በጠጠሩ ላይ ከሚሰማው ዳና ስንት እንደሆኑ ትነግረኝ ነበር። «አራት ናቸው፤ አንዱ ያነክሳል» ትለኛለች። አራት ይሆናሉ፤ አንዱም ያነክሳል።

ሌላም ጨዋታ ያላት ይመስለኝ ነበር። የታጠበ አንሶላ ታቅፋ ወደ ላይኛው ፎቅ ስትወጣ ሁልጊዜ አሥራ አንደኛው ደረጃ ላይ ትቀመጣለች፤ አንሶላውን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አፏን ገርበብ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና። ዳና የምታዳምጥ መስሎኝ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አዳምጥ ነበር።

«ስንት ናቸው?» እላታለሁ።

«ቆይ» ትለኛለች። ትንሽ ቆይታ ትነሣለች።

በልጅነቷ የያዛት የቁርጥማት ትኩሳት ልቧን ጎድቶት እንደነበር፣ በዚያ ዓመት የአቅሟ ልክ አሥራ አንድ ደረጃ እንደነበር የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

በየካቲት አንድ ቀን አክስቴ ኦቲሊየ፣ የእናቴ ታላቅ እኅት፣ ማድ ቤት ተቀምጣ ድንች ትልጥ ነበር። እኔ ከጠረጴዛው ስር ከድመቷ ጋር ነበርኩ። ከዚያ የሚታየኝ የሁለቱ ጫማና ወደ ባልዲው የሚወርደው ልጣጭ ብቻ ነው።

«ሐኪሙ ያለሽን ሰምተሻል አይደል?» አለች አክስቴ።

«ሰምቻለሁ።»

«ደረጃ የለም። ከባድ ድስት የለም። እንግዳ የለም። እኔ ነኝ ወይስ እሱ ነው ያለው?»

«እሱ ነው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ሰሌዳው በሬ ላይ ነው ኦቲ። በረዶ ውስጥ ሦስት ሰዓት የሄደን ሰው ደጄ ላይ አቁሜ ‹ደክሞኛል፣ ሂዱ› ልበል? አባታችን በጦርነቱ እንኳ አልዘጋውም።»

«አባታችን ሞቷል።»

«ሰሌዳው አልሞተም።»

«አንቺ ከመሬቱ በታች፣ ሰሌዳሽ ከበሩ በላይ። ጥሩ ነው፤ እሁድ እሁድ መጥቼ እወለውልልሻለሁ።»

እናቴ ሳቀች። ሐኪሙ ሰው የሚጠላ ሽማግሌ መሰለኝ፤ በእኛ ደስታ የቀና። ከጠረጴዛው ስር ሦስተኛ ጥንድ ጫማ ታየኝ። አባቴ ከጫካ ተመልሶ በሩ ላይ ቆሟል፤ ከጫማው ላይ በረዶው እየቀለጠ ወለሉን ያረጥባል። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆመ አላውቅም። ሳይገባ ተመልሶ ወጣ።

አባቴ ፎልክማር ራውሽ በደን ሥራ የሚኖር፣ የመንገዱንም ምልክት ያለ ክፍያ የሚጠብቅ ሰው ነበር። ብዙ አይናገርም። በዚያው ሳምንት ወደ መምህር ሃርቱንግ ቤት ሲሄድ ይዞኝ ሄደ። መምህሩ የመንደሩን ልጆች ሁሉ ያስተማረ፣ ስለ ጥንት ነገሥታት በክረምት ምሽቶች የሚጽፍ፣ ጣቶቹ ሁልጊዜ በቀለም የቆሸሹ ቀጭን ሰው ነው። እኔን ኮሪደሩ ላይ አስቀምጠው ብስኩት ሰጡኝ። በሩ በደንብ አልተዘጋም ነበር።

መጀመሪያ አባቴ ለረጅም ጊዜ በዝቅተኛ ድምፅ ተናገረ፤ ቃሉ አልደረሰኝም። ቀጥሎ የመምህሩ ድምፅ መጣ፤ የእሳቸው ድምፅ ከክፍል ውስጥ ተለይቶ የማያውቅ፣ ግድግዳ የሚያልፍ ድምፅ ነው።

«ንጉሡ በዚህ ሸንተረር አልፎ አያውቅም፣ አቶ ራውሽ። ይህን ለሃያ ዓመት አውቀዋለሁ።»



«እንግዲያው ይጻፉት» አለ አባቴ።

«በሸለቆውም አላለፈም እኮ።»

«እሱን አይጻፉት።»

ብስኩቱ አፌ ውስጥ እንደ አሸዋ ሆነብኝ። በእኔ አረዳድ መምህሩ ንጉሣችንን ነጠቀን፤ አባቴም አቅም አጥቶ እጁን ሰጠ፤ ቢያንስ ሸለቆው እንኳ እንዲቀርልን ለመነ። ስንወጣ መምህሩ ጸጉሬን ሊዳብሱ እጃቸውን ዘረጉ። ራሴን መለስ አደረግሁ።

በመጋቢት መጨረሻ ማኅበሩ ስብሰባውን እንደ ልማዱ በእኛ ቤት አደረገ። መምህር ሃርቱንግ ቆመው ሰባት ገጽ አነበቡ። የሰነድ ስም፣ የገዳም ስም፣ የዓመተ ምሕረት ቁጥር። ፍሬ ነገሩ፣ ንጉሡ ተጉዞ ከሆነ የተጓዘው በሸለቆው በወንዙ ዳር ነው፤ መንገዱም ለስሙ ታማኝ ሊሆን ይገባዋል የሚል ነበር።

«ንጉሡን ከሺህ ዓመት በኋላ ከዙፋኑ አወረዱት እኮ መምህር» አለ አንድ ዳቦ ጋጋሪ።

«ወደ ሸለቆ ነው ያወረድኩት። ለጉልበቱም ይሻለዋል።»

ሰዉ ሳቀ። ሰብሳቢው መንገዱ ወደ ሸለቆ እንዲወርድ የሚደግፍ እጁን ያውጣ ሲሉ መጀመሪያ የወጣው የአባቴ እጅ ነበር። ያን ጊዜ አፈርኩበት፤ ጦርነቱ ሳይጀመር እጁን የሰጠ ወታደር መሰለኝ። እናቴ ስምንት ብርጭቆ ቢራ የተደረደረበት ትሪ ይዛ መካከል ላይ ቆማ ነበር። የወጡትን እጆች አንድ በአንድ አየች። ከዚያ ትሪውን አስቀመጠች፤ አንዱን ብርጭቆ አንሥታ መምህሩ ፊት አኖረች።

«ይኸው ቢራዎ፣ መምህር። ይጠጡት። ከዚህ ቤት የሚጠጡት የመጨረሻው ነው።»

እሳቸውም አባቴን አላዩትም። አሁን ሳስበው ከሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው፤ አለማየታቸው። ቢራውን እስከ ግማሽ ጠጥተው ባርኔጣቸውን አነሡ።

እንግዲህ በሚያዝያ ግራጫውን ጣሳ ይዤ ከአባቴ ኋላ የሄድኩት በዚህ ምክንያት ነው። ሦስት ቅዳሜ ፈጀብን። ወፎቹ ብዙ ነበሩ፤ መንገድ ከመገንጠሉ በፊት አንዲት፣ ከተገነጠለ በኋላ አንዲት፣ ጥቂት ራቅ ብሎም ሦስተኛ፣ ሰው በመረጠው መንገድ እንዳይጠራጠር። አባቴ እያንዳንዷን ለሃያ ዓመት ያህል ራሱ ሲያድሳት የኖረ ነው። አንዳንዷ ጋ ሲደርስ ቀለሙ እስኪደርቅ ይቆማል፤ ሳያስፈልግ።

«አባዬ፣ ንጉሡ ይናደዳል?»

«ሞቷል።»

«የሞተ ሰው አይናደድም?»

«የሞተ ሰው ደክሞታል። ጣሳውን አታጋድዪው።»

በሦስተኛው ቅዳሜ ማታ ሰሌዳውን ከበሩ ላይ ፈታው። አንደኛው ብሎን ዝጎ ስለነበር በመዶሻ መታው። እናቴ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ቆማ አየችው። በሰሌዳው ቦታ ላይ ያልደበዘዘ አረንጓዴ ቀለም ቀረ።

በዚያ በጋ ቤታችን ጸጥ አለ። ሽቦው ላይ የራሳችን ካልሲ ብቻ ተሰቀለ። እናቴ ከሰዓት በኋላ ትተኛለች፤ ስትነሣ ደጁ ላይ ካለው አግዳሚ ትቀመጣለች፤ እጆቿን ጭኗ ላይ ገልብጣ። የእናቴን እጆች ያለ ሥራ አይቻቸው አላውቅም ነበር። የሌላ ሰው እጆች መሰሉኝ። አንዳንድ ጊዜ ጠጠሩ ላይ ድምፅ ሲሰማ ቀና ትላለች፤ ዶሮ ይሆናል። በእኔ ስሌት እናቴ በጸጥታው ምክንያት እየሞተች ነበር። አባቴ፣ አክስቴና ሐኪሙ ደግሞ በዚያው ጸጥታ ምክንያት እየዳነች እንደሆነ ያዩ ነበር፤ ክብደቷ ጨምሮ፣ እግሮቿ ማበጥ ትተው ነበር። እኔ ግን ያየሁት እጆቿን ነው።

በነሐሴ አንድ ቅዳሜ አባቴ ራቅ ወዳለ ጫካ እንጨት ሊቆርጥ ሄደ። ከመሣሪያ ቤቱ የቅርፊት መፋቂያውን ወሰድኩ፤ ዶሮዎቹ ቤት ያለውን የእንጨት መቀመጫ፣ ዱካውንም ተሸክሜ ወደ ላይ ወጣሁ። መንገዱ ወደ ሸለቆ ከሚታጠፍበት ከድንበሩ ድንጋይ ጀመርኩ። ዱካው ላይ ቆሜ በጫፍ እግሬ ብንጠራራም የምደርሰው ከወፏ ወገብ በታች ነበር። ግራጫው በስሱ ሲላጥ ቢጫው ከስር ብቅ አለ፤ መጀመሪያ እግሮቿ፣ ቀጥሎ ጅራቷ፣ ቀጥሎ የክንፏ ግማሽ። አሥራ አንድ ዛፍ ፋቅሁ። ክንዴ እስኪዝል ድረስ። ጭንቅላት የሌላቸው አሥራ አንድ ወፎች ወደ እናቴ ቤት ይጠቁሙ ጀመር።

በማግስቱ እሁድ፣ እናቴ አግዳሚው ላይ እንዳለች ቀና አለች።

«ዘጠኝ ናቸው» አለች።

ዘጠኝ ነበሩ። ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞችና ሚስቶቻቸው፤ ከሩቅ ከተማ። ፊት የመጣው ወፍራም ሰውዬ በእጁ ጠርዙ የተበላ አሮጌ የጉዞ መጽሐፍ ይዟል።

«ይቅርታ እመቤት፣ ‹ወፍ አጥማጁ› ይኸ ነው? መጽሐፉ እዚህ ሾርባ አለ ይላል። ወፎቻችሁ ግን ምን ነካቸው? ራስ የላቸውም።»

አክስቴ ኦቲሊየ ከማድ ቤት ብቅ አለች። «ዝግ ነው። ሰሌዳው ወርዷል፤ አይታያችሁም? መንገዱ በሸለቆ ነው።»

«ሸለቆ?» አለች አንዲት ሴት፤ ምርኩዟ ላይ ተደግፋ። «እኔ ከዚህ በኋላ ወደ ታች የምሄደው ተሸክመውኝ ብቻ ነው።»

«እንግዲህ ባልሽ ለምን መጣ» አለ ወፍራሙ፤ ሌሎቹ ሳቁ።

እናቴ ተነሥታ ነበር። «ዝናብ እየመጣ ነው ኦቲ» አለች። «ዘጠኝ ሰው ነው።»

«ገርሊንደ።»

«አተሩን ከጓዳ አምጪልኝ።»

ሽርጧን ስታስር አየኋት። ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ዛሬ እንደ ሥዕል አየዋለሁ። እናቴ ከምድጃ ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ ምድጃ ትበራለች፤ ሰውዬው ስለ ባቡር አንድ ቀልድ ሲናገር ጭልፋዋን እንደያዘች ትመልስለታለች፤ ጉንጮቿ እንደ ቼሪ ቀልተዋል። ለወራት ገርጥቶ የኖረ ፊቷ በእኔ ሥራ እንደገና ሲቀላ አየሁ። እንዲህ ያለ የጉንጭ ቅላት በዚያ ዓይነት የልብ ሕመም ከሚታወቁት ምልክቶች አንዱ መሆኑን ያነበብኩት በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ሌላ ነገር ስፈልግ ነው። መጽሐፉን ዘግቼ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ዝናቡ ሲጀምር ምርኩዝ የያዘችው ሴት ጥቂት ጋደም ማለት ፈለገች። እናቴ አንሶላ ይዛ ወደ ላይ ወጣች። እኔ ተከተልኳት። ስድስተኛው ደረጃ ላይ ተቀመጠች።

«ስንት ናቸው?» አልኳት፤ ጨዋታችን ስለናፈቀኝ።

ከንፈሯ የግራጫው ጣሳ ቀለም ሆኗል።

«ሽርጡን ፍቺልኝ» አለች በመጨረሻ።

ቋጠሮው ከጀርባዋ ነበር፤ በሁለት እጄ ጎተትኩት። አልፈታ አለኝ። የፈታው በቢላ፣ ወፍራሙ ሰውዬ ነው። አምቡላንሱ ከከተማ እስኪደርስ አርባ ደቂቃ ፈጀ። ዘጠኙ ሰዎች ግቢው ውስጥ ዝናብ ላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ፤ ማንም ግቡ አላላቸውም።

ሰኞ ጠዋት አባቴ ከሆስፒታል ተመልሶ ልብሱን ሳይቀይር ግራጫውን ጣሳ አነሣ። «ነይ» አለኝ። አሥራ አንዱንም እንደገና ቀባን። በስምንተኛው ይሁን በዘጠነኛው ዛፍ ላይ፣ የመፋቂያው ጭረት የሚያበቃበትን ቦታ በአውራ ጣቱ ነካ፤ ከዚያ ወደ ታች አናቴን አየ፤ ከዚያም ብሩሹን ነከረ።

«ጣሳውን ቀጥ አድርገሽ ያዢው» ብቻ አለኝ።

ለመንደሩም ለእናቴም፣ ሰዎቹ አሮጌ መጽሐፍ ይዘው ጠፍተው ነው አለ። አላወቀብኝም ብዬ ለዓመታት እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ጭረቱ የቆመው ግን ዱካ ላይ በተንጠራራ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ቁመት ላይ ነበር፤ እንጨት ሲለካ ለኖረ ሰው ይህ ሊሰወር አይችልም።

እናቴ ከአሥራ አንድ ሳምንት በኋላ፣ ደረቷ ተቀዶ ተሰፍቶ፣ ተመለሰች። ቤቱ አልተከፈተም፤ በኋላም ተሸጠ። እሷ በከተማው ቤተ መጻሕፍት ወንበር ላይ ተቀምጣ መጽሐፍ ስታበድር ጡረታ ወጣች። መምህር ሃርቱንግን ሰላም ሳትል ሠላሳ አንድ ዓመት ኖረች፤ እስኪሞቱ ድረስ። አባቴም ከእሳቸው ሰባት ዓመት በኋላ ሞተ። ስለዚያ ዓመት አንድም ቀን አንሥቶ አያውቅም።

ባለፈው መኸር የተጓዦች ማኅበር አባል አጥቶ ፈረሰ፤ ወረቀቶቹም እኔ ወደምሠራበት የአውራጃው መዝገብ ቤት ተላኩ። ስድስት ሳጥን ነበር። ለየት ያለ ነገር አልጠበቅሁም። በሦስተኛው ሳጥን ውስጥ፣ ከመምህሩ ሰባት ገጽ ጋር በአንድ ሽቦ የተያያዘ፣ የአባቴ የእጅ ጽሑፍ ያለበት ግማሽ ወረቀት አገኘሁ።

በማግስቱ ለእናቴ ይዤላት ሄድኩ። ሰማንያ አምስት ዓመቷ ነው፤ ደረጃ በሌለው ቤት ትኖራለች። መነጽሯን አላመነችም።

«አንብቢልኝ» አለች።

«‹ለማኅበሩ ሰብሳቢ። መንገዱ ከቤታችን ደጅ እንዲርቅ እለምናለሁ። ምክንያቱን መምህር ሃርቱንግ ያዘጋጃሉ። ባለቤቴ ሰሌዳው በሩ ላይ እያለ አታርፍም፤ ካላረፈች ደግሞ ሐኪሙ ሁለት ክረምት ብሏታል። የጠየቅሁት እኔ መሆኔን እንዳታውቅ። ፎልክማር ራውሽ፣ የመንገዱ ምልክት ጠባቂ።›»

«ድገሚው።»

ደገምኩት።

«የእሱ ጽሑፍ ነው?»

«የእሱ ነው።»

ወደ መስኮቱ ዞረች። «እንግዲያው ሃርቱንግ ያውቅ ነበር።»

«ያውቁ ነበር።»

«አንድ ቀን ዳቦ ቤት በሩን ይዞልኝ ቆመ። አርጅቶ፣ ጎብጦ። ተመልሼ ወጣሁ። ዳቦ ሳልገዛ።»

ለሃምሳ ዓመት ማለት ያቃተኝን አልኩ። «እማዬ፣ ወፎቹን የፋቅኋቸው እኔ ነኝ።»

«የትኞቹን?»

«ዘጠኙ ሰዎች የመጡባቸውን።»

«አባትሽ መጽሐፉ ነው ብሎኝ ነበር።»

«እኔ ነኝ። እንግዳ አጥተሽ ያዘንሽ መስሎኝ ነው።»

«አዝኜ ነበር» አለች።

«ልገድልሽ ነበር።»

«ትንሽ ቀርቶሽ ነበር።» ከንፈሯ ጥግ ፈገግታ የሚመስል ነገር መጣና ሄደ። «ግን ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር፤ ያየሽው ልክ ነው። ዘጠኝ ሰው፣ ለስድስት የሚበቃ አተር። ሳይጠግብ የተነሣ አልነበረም።» ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ጠረጴዛው ላይ በመዳፏ አስተካከለችው። «እንዳዘንኩ አየሽ፤ ልክ ነሽ። አባትሽ እንደምሞት አየ፤ እሱም ልክ ነው። ኦቲም ልክ፣ ሐኪሙም ልክ። ሁላችሁም አይታችሁኛል። የጠየቀኝ ግን አልነበረም።»

«አባዬ ዕረፊ አላለሽም?»

«ብሎኛል። ዕረፊ ማለት መጠየቅ ነው?»

የምትቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ድምፅዋ ግን የደከመ ብቻ ነበር። ከዚያ ጠየቅኋት።

«ምን ነበር የፈለግሽው?»

ያንቀላፋች መስሎኝ ልነሣ ስል ተናገረች።

«አንድ ሳምንት» አለች። «ሰሌዳው ተሸፍኖ፣ ማንም ሳይመጣ፣ በሬን ዘግቼ አንድ ሳምንት መተኛት። ሰኞ ላይ እነሣ ነበር። ግን ሰሌዳ አይሸፈንማ፤ ቃል ነው።»

በማግስቱ መዝገብ ቤት ገብቼ ከአንደኛው ሳጥን የማኅበሩን ደንብ አወጣሁ። አራት ገጽ ነው፤ በእናቴ አያት ጊዜ የታተመ። ቃል የገባ ቤት በዓመት እስከ ሦስት ሳምንት ሰሌዳውን በጨርቅ ሊሸፍን ይችላል ይላል፤ ፈቃድ መጠየቅም አያስፈልገውም። ከስሩ የእናቴ አያት ፊርማ አለ፤ ከእሱ ዝቅ ብሎም የአባቷ። ወረቀቱን ወደ ሳጥኑ መለስኩት። ለእናቴ አልነገርኳትም።